ጠጠሩን ገና አታፍስ፤ መጀመሪያ ሦስቱ ፉርጎዎች ለምን እንደሚወድቁ እንወቅ

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ባጭሩ ልድገመው። ሰባት ወር የፈጀብህ የኤች ኦ፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ የሞዴል ባቡር መስመር አለህ። ጠረጴዛው 2.4 ሜትር በ1.2 ሜትር ነው፤ የኩርባው ሬዲየስ 55 ሴንቲሜትር። 14 ፉርጎ አለህ። 11ዱ ደህና ይሄዳሉ፤ ሦስቱ ረጃጅም የመንገደኛ ፉርጎዎች ግን ከኩርባው ወጥተው መቀየሪያው ላይ፣ ባቡሩ ከአንዱ ሀዲድ ወደ ሌላው የሚሻገርበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ከሀዲድ ይወጣሉ። ሎኮሞቲቩ ደግሞ የጠረጴዛው ወዲያኛው ጫፍ ሲደርስ ይደክማል። በየሳምንቱ ፎቶ ታጋራለህ፤ የምታገኘው መልስ ሁሌም «ግሩም ነው፣ በርታ» ነው። አሁን የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው፤ በሀዲዱ ዙሪያ በኮላ የሚጣበቀውን ጠጠር አፍስሼ ሳርና ዛፍ ልጀምር ወይ? ደግሞስ ሰው ከማድነቅ አልፎ እንዲያግዘኝ ሥራዬን እንዴት ላሳይ?

ጠጠሩን ገና አታፍስ። ምክንያቱ ረዘም ስለሚል ታገሰኝ።

ሁለቱ ጥያቄዎችህ ለእኔ አንድ ናቸው። ሰው የማያግዝህ ደንታ ስለሌለው አይደለም። ያጋራሃቸውን ፎቶዎች በሙሉ አየሁ፤ ሁሉም ከላይ የተነሱ ናቸው፣ ሁሉም የሚያምሩ ናቸው፣ በአንዱም ላይ ግን የወደቀ ፉርጎ የለም። ፉርጎው ሲወድቅ ታነሳዋለህ፣ ሀዲዱ ላይ ትመልሰዋለህ፣ ታስተካክለዋለህ፣ ከዚያ ፎቶ ታነሳለህ። ታዲያ ያየ ሰው «ግሩም ነው» ከማለት ሌላ ምን ይበል? ችግሩን የሚያውቀው አንተ ብቻ ነህ።

የወደቀውን ፉርጎ እንደወደቀ ተወው። እጅህን ሰብስብ። ስልክህን አምጣና እንደወደቀ አንሳው፤ የትኛው ጎማ እንደወጣ፣ ወደ ኩርባው ውስጥ ይሁን ወደ ውጭ፣ መጀመሪያ የወጣው የፊቱ ቦጊ (ጎማዎቹን ይዞ ከፉርጎው ሥር የሚዞረው ክፍል) ይሁን የኋላው ይታይ። ይህ አንድ ፎቶ ካለፉት ሰባት ወራት ፎቶዎችህ ሁሉ በላይ ይናገራል። ከቻልክ ደግሞ መቀየሪያው አጠገብ ስልኩን አስደግፈህ በዝግታ የሚታይ ቪዲዮ ቅረጽ። በዓይን የማትይዘው ነገር እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጎማው መጀመሪያ ይነሳል፣ ትንሽ መንገድ ሀዲዱ ጫፍ ላይ ይሄዳል፣ ከዚያ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ የወደቀበት ቦታና ጥፋቱ የተጀመረበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም፤ ሰው ደግሞ የሚጠግነው የወደቀበትን ነው። አንተም መቀየሪያውን ሁለት ጊዜ ነቅለህ እንደተከልከው ጽፈሃል። እኔ የምጠረጥረው ግን ከመቀየሪያው በፊት ያለውን መጋጠሚያ ነው።

ለምን እንደሆነ ልንገርህ። በዚህ ሥራ ጥፋተኛውን የሚለይ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። የተለያዩ ፉርጎዎች አንድ ቦታ ላይ ከወደቁ ጥፋቱ የሀዲዱ ነው። አንድ ፉርጎ የተለያየ ቦታ ላይ ከወደቀ ጥፋቱ የፉርጎው ነው። አንተ ያለህ ግን ሦስተኛው ዓይነት ነው፤ የተወሰኑ ፉርጎዎች፣ የተወሰነ ቦታ ላይ። ይህ ማለት ሁለቱም ትንሽ ትንሽ አጥፍተዋል። ሀዲዱ ለአጫጭሮቹ ፉርጎዎች ይበቃል፣ ረጃጅሞቹም ቀጥ ያለ ሀዲድ ላይ ይበቃሉ፣ ሲገናኙ ግን አይበቁም። ስለዚህ ሁለቱንም መመርመር አለብህ። ከፉርጎው ጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው።

ክብደት። አንዱን መዝነህ 115 ግራም ሆነ ብለሃል፤ በእጅ ሲያዝ ይከብዳል አልክ። አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ1935 የተቋቋመው የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ለኤች ኦ የሚመክረው መነሻ 1 አውንስ፣ በእሱ ላይ ለእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት ግማሽ አውንስ ነው። ወደ እኛ መለኪያ ስናመጣው 28 ግራም፣ ሲደመር ለእያንዳንዱ ሴንቲሜትር 5.6 ግራም ገደማ ይሆናል። የአንተ ፉርጎ 25 ሴንቲሜትር ነው። 28 ሲደመር 140፣ ወደ 168 ግራም። ስለዚህ 50 ግራም ገደማ ይጎድለዋል። 15 ሴንቲሜትር የሆኑት የጭነት ፉርጎዎችህ ግን የሚያስፈልጋቸው 112 ግራም ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው ደህና የሚሄዱት።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚገረምበት ነገር አለ። ኤች ኦ 1 ለ 87 ነው። ርዝመቱ በ87 ሲያንስ ክብደቱ ደግሞ በ87 ሦስት ጊዜ ይካፈላል፤ ከ650 ሺህ በላይ ነው አካፋዩ። 40 ቶን የሚመዝን እውነተኛ ፉርጎ በዚህ ሒሳብ 60 ግራም ገደማ ብቻ ይሆናል። በ60 ግራም ግን የትም አይደርስም። ትንሿ የሀዲድ እንከን፣ የማያያዣው ግፊት፣ የአክስሉ ሰበቃ፣ እነዚህ በዚያው ልክ አያንሱም። ለዚህ ነው ሞዴሉ በሒሳብ ከሚገባው በላይ እንዲከብድ የሚደረገው።

ክብደቱን ስትጨምር ከወለሉ ዝቅ ብሎ፣ መሃል ላይ፣ ለሁለቱም ቦጊ እኩል እንዲደርስ አድርገህ ነው። ጣሪያው ሥር ብትለጥፈው ፉርጎው ኩርባ ላይ ይወዛወዛል፤ ያኔ ካልጨመርከው ይብስብሃል። እርሳስ ካገኘህ ጥሩ ነው፣ ግን በእጅህ ከነካህ በኋላ ታጠብ፣ አትሞርደው፣ አቧራው ጎጂ ነው። ካልሆነ የብረት ዳዶም ሮንዴላም ይሠራል።

ጎማ። እያንዳንዱን አክስል አውጥተህ በሁለቱ ጎማ ጀርባ፣ ማለትም እርስ በርስ በሚተያዩት የውስጥ ገጾቻቸው መካከል ያለውን ርቀት በካሊፐር ለካ። ለኤች ኦ 14.4 ሚሊሜትር አካባቢ መሆን አለበት። ማኅበሩ ያወጣት ጥርስ ጥርስ ያላት ጠፍጣፋ የብረት መለኪያ ብትኖርህ ደግሞ ጎማውንም ሀዲዱንም መቀየሪያውንም በእሷ ትፈትናለህ። ከመሣሪያዎቼ ሁሉ አንድ ብቻ ያዝ ብባል እሷን ነው የምይዘው። ከፋብሪካ አዲስ የመጣ ነው ብለህ አትለፍ፤ አዲስ ሆኖ ግማሽ ሚሊሜትር የጠበበ አክስል ብዙ አይቻለሁ። የጠበበ ጎማ ቀጥ ያለ ሀዲድ ላይ ምንም አይልም። መቀየሪያ ላይ ሀዲዶቹ የሚሻገሩበት ነጥብ ሲደርስ ግን ጀርባው ጠባቂው ሀዲድ ላይ፣ ጎማውን በመንገዱ ለመያዝ ከጎን የተተከለችው አጭር ሀዲድ ላይ ይወጣል፤ በቃ።

ጎማው ሀዲዱን እንዳይለቅ የሚይዘው በውስጥ በኩል ያለው ቀጭን ከንፈር ነው። በእውነተኛ ባቡር ይህ ከንፈር ወደ 28 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ በ87 ብናካፍለው 0.3 ሚሊሜትር። በሞዴል ግን የተለመደው 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ እጥፍ ተደርጎልናል ማለት ነው። ቢሆንም 0.6 ሚሊሜትር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነች አስብ። መጋጠሚያው ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ከፍ ያለ የሀዲድ ጫፍ ካለ ጎማው ሊወጣው ተቃርቧል ማለት ነው።

ቦጊ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ፉርጎን ከሚያድኑት ነገሮች ዋናው ግን እሱ ነው። ሁለቱን ቦጊዎች የሚይዙትን ብሎኖች እኩል አታጥብቃቸው። አንዱን ቦጊ ወደ ግራና ቀኝ በነፃ እንዲዞር ግን ወደ ጎን እንዳይወዛወዝ አድርገህ አጥብቀው። ሌላውን ትንሽ ልቀቀው፤ በካቻቢቴ ሩብ ዙር ይበቃዋል፤ ይዙር፣ በየአቅጣጫው ትንሽ ይወዛወዝም። ያኔ ፉርጎው እንደ ሦስት እግር በርጩማ ይቆማል። ባለ አራት እግር በርጩማ ወለሉ ካልተስተካከለ አንድ እግሩ አየር ላይ ይቀራል፤ ሦስት እግር ያለው ግን የትም ይቆማል። ሁለቱም ብሎን የጠበቀበት ፉርጎ የተጠማዘዘ ሀዲድ ሲያገኝ አንዱ ጎማው ይነሳል። የአንተ ሦስቱ ፉርጎዎች ከአንድ ስብስብ የመጡ ናቸው ብለሃል፤ ስለዚህ ሦስቱም በአንድ ዓይነት ጠብቀው ወጥተው ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

ማያያዣ። ሁለት ነገር እይ፤ ከፍታና መዞር። አንተ የያዝከው ጣት የሚመስለው ዓይነት ከሆነ መሃሉ ከሀዲዱ አናት 10 ሚሊሜትር ገደማ መሆን አለበት፤ ሥሩ የተንጠለጠለችው ሽቦ ደግሞ መቀየሪያው ላይ የትም መንካት የለባትም። መዞሩን ለማየት ሁለቱን ረጃጅም ፉርጎዎች አያይዘህ ኩርባው ላይ አቁማቸውና ከላይ እያቸው። ረጅም ፉርጎ ኩርባ ላይ ሲቆም ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል። አጭር ፉርጎ ያን ያህል አይወጣም። ረጅሙን ከአጭሩ ጋር ስታያይዝ ማያያዣው ወደ ጎን ይጎትታል፣ ቀላሉ ይሸነፋል። አንዱ ቪዲዮህ ላይ እንዳየሁት አንተ ደግሞ ያሰርካቸው ከሎኮሞቲቩ ቀጥሎ፣ ከከባድ የጭነት ፉርጎዎች ፊት ነው። ኋላ ያለው ጭነት ሲጎትት መሃል ያለው ቀላል ፉርጎ ወደ ኩርባው ውስጥ ይሳባል፤ እንደተወጠረ ገመድ አስበው። ወደ መጨረሻ አዙራቸውና ሞክር። ይህ ምንም አያስከፍልህም፣ አምስት ደቂቃም አይፈጅም። ብቻ ከዚህ በኋላ ካልወደቁ ዳኑ ብለህ አትተወው፤ ሕመሙ እዚያው አለ።

አሁን ወደ ሀዲዱ። 55 ሴንቲሜትር ሬዲየስ በእውነተኛው ዓለም 48 ሜትር ያህል ነው። ዋና መስመር ላይ ያለ ባቡር የሚዞረው በመቶዎች ሜትር በሚቆጠር ኩርባ ነው። ጠረጴዛ ላይ ይህን ማድረግ ስለማይቻል ሁላችንም እናጠባለን፤ የምናጠብበት ልክ ግን አለው። ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ቀላል መመሪያ ሬዲየሱን ለረጅሙ ፉርጎ ርዝመት ማካፈል ነው። ሁለት ከመጣ አንዳንዱ ይሄዳል አንዳንዱ አይሄድም። ሁለት ተኩል ከመጣ አብዛኛው ያለ ችግር ይሄዳል። ሦስት ከሆነ ከኩርባው ውስጥ ሆኖ ለሚያይም ያምራል። የአንተ 55 ለ25 ሲካፈል 2.2 ነው። ስለዚህ የማይቻል ነገር አልሞከርክም፤ ግን ለስህተት የቀረህ ቦታ ጠባብ ነው። በዚህ ልክ ላይ ያለ መስመር እያንዳንዷን መጋጠሚያ በትክክል መሥራት ይፈልጋል።

መጋጠሚያውን ዝቅ ብለህ፣ ዓይንህን ከሀዲዱ ጋር አስተካክለህ፣ በርዝመቱ እይ። ከላይ ሲያዩት ኩርባ የሚመስለው ነገር በዚህ መንገድ ሲታይ ሁለት ቀጥ ያለ መስመር ማዕዘን ሠርቶ የተገናኘ ሆኖ ይገኛል። ተጣጣፊ ሀዲድ ስትጠቀም ጫፎቹ ቀጥ ማለት ይወዳሉ፣ ኩርባ መሃል ላይ ከተገናኙ ደግሞ ማዕዘን ይሠራሉ። መድኃኒቱ ሁለቱን ሀዲዶች ቀጥ እንዳሉ ጠረጴዛ ላይ አጋጥመህ ሶልደር ማድረግ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ላይ ማጠፍ ነው። ቀጥ ባለው ክፍል ያሉትን መጋጠሚያዎች ግን ሶልደር ሳታደርግ ትንሽ ክፍተት ተውላቸው። ብረቱ በሙቀት የሚለጠጠው ያን ያህል አይደለም፤ ኮምፔንሳቶውና እንጨቱ በእርጥበትና በድርቀት የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ነው የሚበልጠው። መተንፈሻ ካጣ ሀዲዱ ይጎብጣል።

ሌላው፣ ኩርባህ ወደ ግራ ዞሮ እንዳበቃ መቀየሪያው ወዲያው ወደ ቀኝ ይወስዳል። ይህ ለረጅም ፉርጎ ፈተና ነው፤ የፊቱ ቦጊ ወደ ቀኝ ሲሄድ የኋላው ገና ወደ ግራ እየዞረ ነው፣ ማያያዣዎቹም በተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋፋሉ። በሁለቱ መካከል ቢያንስ የረጅሙን ፉርጎ ያህል፣ ማለትም 25 ሴንቲሜትር ቀጥ ያለ ሀዲድ ያስፈልጋል። ፎቶህ ላይ ስገምት 8 ወይም 10 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ጠጠር ገና አላጣበቅክም አይደል? እንግዲያው መቀየሪያውን ወደ ፊት መግፋት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ከፍታውንም እይ። ትንሽ ውሃ ልክ በሁለቱ ሀዲድ ላይ በአግድም አስቀምጥና ከኩርባው እስከ መቀየሪያው ድረስ ቀስ እያልክ ግፋው። አረፋው በድንገት ከዘለለ እዚያ ላይ ሀዲዱ ተጠማዟል። ከሥር ቀጭን ካርቶን አስገብተህ ታስተካክለዋለህ። ጣትህንም መጋጠሚያው ላይ አሻሸው፤ ጣት ከዓይን ይበልጣል። የሚነካህ ስለት ካለ በጥሩ ሞረድ አንድ ሁለት ጊዜ አለስልሰው፣ ከዚያ በላይ አትሂድ።

ፍጥነትህንም ልንገርህ፣ አትቀየመኝ። ቪዲዮህ ላይ ባቡሩ 2 ሜትሩን ቀጥ ያለ ሀዲድ በ3 ሰከንድ ጨረሰው። በኤች ኦ በሰከንድ 1 ሜትር ማለት በእውነተኛው 313 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። የአንተ ባቡር ከ200 በላይ እየበረረ ነው ማለት ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ባቡር አንድ ሜትሩ ከ5 ሰከንድ በላይ ሊፈጅ ይገባል። በዝግታ ስትነዳው መስመሩ ይረዝማል፣ ጉዞው ጉዞ ይመስላል፤ ደግሞም ደካማው መጋጠሚያ ራሱን ያጋልጣል።

ከጠገንክ በኋላ ፈተናው መግፋት ነው። 14ቱንም ፉርጎ አያይዝና ሎኮሞቲቩ ከኋላ ሆኖ እየገፋ፣ ኩርባውንና መቀየሪያውን በሁለቱም አቅጣጫ፣ በዝግታም በፍጥነትም ይለፍ። ሲጎተት የሚያልፍ ፉርጎ ሲገፋ ሊወድቅ ይችላል። ሲገፋ የሚያልፍ ግን ሲጎተት አያሳፍርህም። እኔ አንድ መስመር ጠጠር ሊፈስበት ይገባል የምለው ሙሉው ባቡር እየተገፋ ሃያ ጊዜ ዞሮ አንዴም ካልወደቀ ነው። ሃያ የሚለው ቁጥር የራሴ ነው፣ አንተ ሌላ ልትመርጥ ትችላለህ። ግን ቁጥር ይኑርህ።

የሎኮሞቲቩ መድከም ሌላ ጉዳይ ነው፣ ባጭሩ ልለፈው። ኤሌክትሪኩ ወደ ሀዲድ የሚገባው በአንድ ቦታ ብቻ ነው ብለሃል። የሀዲድ መጋጠሚያዎች ሀዲዱን ይይዛሉ እንጂ ኤሌክትሪክ እንዲያስተላልፉ እምነት አይጣልባቸውም፤ ከጊዜ ብዛት ይዝጋሉ፣ ይላላሉ። ወፍራም ሽቦ፣ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፣ በጠረጴዛው ሥር ዙሪያውን ዘርጋ። ከእሱ ላይ በየሀዲዱ ቁራጭ ቀጭን ሽቦ ወደ ላይ አውጣና ሶልደር አድርግ። በዲጂታል ስለምትነዳ ስትጨርስ በየቦታው አንድ የብረት ሳንቲም በሁለቱ ሀዲድ ላይ ጣል። ሾርት ስለሆነ መቆጣጠሪያው ወዲያው መቁረጥ አለበት። የማይቆርጥበት ቦታ ካለ እዚያ ያለው ሽቦ ደካማ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሳይቆርጥ የሚፈስ ሾርት ፕላስቲክ ያቀልጣል። ሀዲዱን ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትገው፣ ጭረቱ ቆሻሻ ያከማቻል። ጨርቅና የማጽጃ ፈሳሽ ይበቃዋል። የፕላስቲክ ጎማ ያላቸውን ፉርጎዎችም ቀስ በቀስ ወደ ብረት ጎማ ቀይራቸው፤ ፕላስቲኩ ነው እድፉን ይዞ የሚዞረው።

ስለ ጠጠሩ እኔ ራሴ ያየሁትን ልንገርህ። ሁለተኛው መስመሬ ላይ እንዳንተ አንድ መቀየሪያ ነበር፣ አልፎ አልፎ አንድ ፉርጎ የሚጥል። በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ጠጠሩን አፈሰስኩ። በጣም አማረ። ከዚያ መውደቁ እየበዛ ሲመጣ መቀየሪያውን ማንሳት ግድ ሆነ። ኮላው በውሃ ይለሰልሳል፣ እውነት ነው፤ ግን ውሃው ወደ እንጨቱ ገባ፣ እንጨቱ አበጠ፣ አጠገቡ ያለው ደህናው ሀዲድም ተነሳ። ያን አንድ ሜትር መልሶ ለመሥራት ከመጀመሪያው ሥራ የበለጠ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ወዲህ የሚያምረውን ነገር ሁሉ የማስቀምጠው ከሚሠራው ነገር በኋላ ነው።

ጊዜው ሲደርስ ደግሞ እንዲህ አድርግ። ጠጠሩን ደረቁን በትነህ በብሩሽ አስተካክለው፤ ሀዲዱ ከተኛባቸው አግዳሚዎች በላይ አይውጣ። አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የገባበት ውሃ እንደ ጉም እየረጨህ አርጥበው። ከዚያ አንድ እጅ ኮላ በሁለት ወይም ሦስት እጅ ውሃ አቅጥነህ በጠብታ አጠጣው። መቀየሪያው ላይ ምላሶቹ፣ ማለትም አቅጣጫ የሚቀይሩት ሹል ሀዲዶች በሚንቀሳቀሱበት ቦታ ጠጠርም ኮላም አይድረስ፤ እዚያ ቀለም ብቻ ቀባ። እስኪደርቅ እስከ ማግስቱ አትንካው።

አሁን ወደ ማጋራቱ ልመለስ። የወደቀውን ፉርጎ አሳይ ብያለሁ። ግን ውበቱንም ማሳየት ትክክል ነው፤ ሰባት ወር የሠራኸው ነው። ከላይ ማንሳቱን ብቻ ተው። በ1 ለ 87 አንድ ሰው ቁመቱ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ካሜራህ ከመሬት 2 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን ነው ያ ትንሽ ሰው የሚያየውን የምናየው። ስልክህን ገልብጠህ አቁመው፤ ሌንሱ ወደ ታች ይመጣና ሀዲዱ ጎን ይደርሳል። አንድ መብራት ብቻ ከአንድ ጎን አብራ፣ በሌላው ጎን ነጭ ወረቀት አቁም፣ ጥላው እንዲለዝብ። የክፍሉን መብራት አጥፋ፤ ሁለት ዓይነት ብርሃን ሲቀላቀል ቀለምህን ያበላሸዋል። በዚህ ከፍታ ስታነሳ ከላይ የማይታዩት የቀለም እንከኖችና የተጣመሙ ቦጊዎችም ይወጣሉ።

በየሳምንቱ ከአንድ ቦታ የሚነሳ አንድ ፎቶም ይኑርህ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ምልክት አድርግ፣ ስልኩን እዚያው አቁም። ከወራት በኋላ እነዚያን ፎቶዎች በተራ ስታያቸው ለውጡ ፊትህ ላይ ይመጣል።

ጆን አለንን ታውቀው ይሆናል። ጎሪ ኤንድ ዲፊቲድ የተባለውን የኤች ኦ መስመር የሠራው አሜሪካዊ ነው። ፉርጎዎችን አርጅተውና ዝገው እንዲታዩ አድርጎ በመቀባት ከቀደሙት አንዱ ነው፤ ፎቶ አንሺም ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1973 ሞተ፤ ከሞተ ከቀናት በኋላ መስመሩን እሳት በላው። ዛሬ ያን ሥራ የምናውቀውና የምንማርበት በአብዛኛው ባነሳቸው ፎቶዎች ነው። ስለዚህ ፎቶ ማንሳትህን ቁም ነገር አድርገህ ያዘው፤ ጊዜ ማባከን አይደለም።

ከፎቶው ጋር ቁጥር ጻፍ። ለእያንዳንዱ ፉርጎ አንዲት ትንሽ ካርድ አዘጋጅ፤ ርዝመት፣ ክብደት፣ የጎማው ርቀት፣ የማያያዣው ከፍታ፣ መቼ እንደፈተሽከውና የት እንደወደቀ። ይህን አብረህ ስታጋራ የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ሆኖ ጥፋቱን ሊነግርህ ይችላል። «አይሄድልኝም» ስትል ግን ሁሉም መገመት ይጀምራል፣ ግምቱም አንተን ያደክምሃል።

ስላስረጀኸው የጭነት ፉርጎም አንድ ነገር ልበል፣ ባትጠይቀኝም። ጥሩ ጅምር ነው፤ ግን ዝገቱን በሁሉም ቦታ እኩል ቀብተሃል። ዝገት የሚጀምረው ውሃ ከሚቆምበት ነው፤ ከጣሪያው ጠርዝ፣ ከብየዳው መስመር፣ ቀለሙ ከተፋቀበት። ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። አቧራው ደግሞ ከታች ነው የሚመጣው፣ ጎማዎቹ የሚረጩት ነውና ወደ ላይ እየሳሳ ይሄዳል። የእውነተኛ ፉርጎ ፎቶ ፊትህ አድርገህ ቀባ፤ ከሌላ ሞዴል አትቅዳ።

አሁን የምጠብቀው ይህን ነው። የሦስቱን ፉርጎዎች ክብደት፣ የስድስቱን ቦጊዎች የጎማ ርቀት፣ ከመቀየሪያው በፊት ያለውን መጋጠሚያ ከሀዲዱ ከፍታ የተነሳ አንድ ፎቶ፣ እና በኩርባውና በመቀየሪያው መካከል ያለውን ቀጥ ያለ ሀዲድ ርዝመት በማስመሪያ ለክተህ አምጣ። ቀጥ ያለው ሀዲድ ከ25 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ መቀየሪያውን ወዴት እንደምናዛውረው የጠረጴዛህን ንድፍ አይቼ አብረን እንወስናለን።